ከወርቁ ወዲህ የታየ ብልጭታ

ወንድሜን ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል። ያመስግነው። እኔ ግን የሠራኝን ጉድ ሳልናገር አልቀርም።

እኔና እሱ ፊዚክስ ተምረን አንድ ቤተ ሙከራ ተቀጠርን። የተሰጠችን ክፍል ምድር ቤት ናት፤ መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዶ በጠራራ ፀሐይ ትጨልማለች። ሥራችን ከራዲየም የሚወጡ ቅንጣቶችን በስስ ወርቅ ላይ መልቀቅ ነበር። ቅንጣቶቹ ወርቁን አልፈው ማዶ ያለውን ማያ ሲመቱ ብልጭ ይላሉ፤ እኛ በማይክሮስኮፕ አጎንብሰን ብልጭታውን እንቆጥራለን። እናታችን ሁለት ልጅ ያስተማረችው ጨለማ ውስጥ አቀርቅረው እንዲውሉላት ነው።

ከመቁጠራችን በፊት ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ እንቀመጣለን። ወንድሜ ያን ጊዜ የማያወራው ወሬ የለም። አለቃችንን «ጢሞ» ብሎ የሰየመውም እዚያው ተቀምጦ ነው። በሳቅ እንባዬ ሲመጣ «ተይ እንጂ፣ መሣሪያችንን በውሃ ልታበላሺው ነው?» ይለኛል። እወደው ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ደንብ ነበረን። ብልጭታ ሲያይ የቆየ ዓይን የሌለውንም ማየት ይጀምራል። ስለዚህ አንዳችን ሌላውን «ዓይንህ ደክሟል» ወይም «ዓይንሽ ደክሟል» ካለ፣ የተባለው ሰው ያለ ክርክር ይነሳል፤ አየሁ ያለውም አይቆጠርም። ደንቡ የሚሠራው ስንተማመን ብቻ ነው። እንተማመን ነበር፤ እኔ በበኩሌ።

በዚያን ጊዜ አቶም እንደ ሊጥ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ክብደቱ ሁሉ ቦታ እኩል የተበተነ፣ ጠንካራ ነገር የሌለበት። ፈጣን ቅንጣት ትንሽ ዘመም ብሎ ያልፈዋል እንጂ ምን ይመልሰዋል? አንድ ማለዳ ግን እስቲ ልሞክር አልኩና ማያውን ከወርቁ ወዲህ፣ ራዲየሙ ባለበት በኩል አቆምኩት። ቅንጣቶቹ በቀጥታ እንዳይደርሱት በመሃል ወፍራም የእርሳስ ብረት ጋረድኩ።

ወንድሜ ሳቀ። «ማን ይመለሳል ብለሽ ነው? ዕቃ የረሳ አለ እንዴ?»

አጎነበስኩ። ብልጭ አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ብልጭ። ወርቁን ሳነሳው ጠፋ፣ ስመልሰው መጣ።

«ጋሼ፣ እየተመለሱ ነው!»

መጥቶ አጎነበሰ። ብዙ ቆየ። በጨለማው ፊቱ አይታየኝም።

«ምንም የለም» አለ በመጨረሻ። «ዓይንሽ ደክሟል፣ እህቴ።»

ተነሳሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጢሞ ጠራኝ። «ወንድምሽ ስለ ዓይንሽ በጣም ተጨንቋል። ለጊዜው ከቆጠራው ዕረፊ።»

«አንዴ ብቻ ደግሜ ልይ፣ እባክዎ።»

«ዕረፊ ብያለሁ።»

ዓይኑ የማይታመን ቆጣሪ ለምን ይፈለጋል? ቤት ዋልኩ። የዓይን ሐኪሙ መረመረኝና «ከእኔ ዓይን ይሻላል» ብሎ ሸኘኝ፤ ወንድሜ ግን «ይሄን ድካም ሐኪም አያውቀውም» አለ። እኔም አመንኩት። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። አምፖል ብልጭ ባለ ቁጥር በእውነት ብልጭ ማለቱን ሰው እስከመጠየቅ ደረስኩ።

ከወራት በኋላ ወንድሜ እኔንና እናታችንን ትልቅ አዳራሽ ጠራን። እሱ መድረክ ላይ፣ እኛ ፊት ረድፍ ላይ።

«አንድ ማለዳ ማያውን ከወርቁ ወዲህ ላቁመው አልኩ» ሲል ጀመረ። «ብዙዎቹ ቅንጣቶች ያልፋሉ። ጥቂቶቹ ግን ዕቃ እንደረሳ ሰው ተመለሱ።» አዳራሹ ሳቀ። «ስለዚህ አቶም ሊጥ አይደለም። አብዛኛው ባዶ ነው፤ ክብደቱ መሃሉ ላይ ባለች ኢምንት ፍሬ ውስጥ ታጭቋል።»

ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። እናቴ ታለቅሳለች። እኔ አላጨበጨብኩም።

ሲወርድ በረንዳው ላይ ጠበቅኩት። «ያን ቀን አይተሃል?»

«አይቻለሁ» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ታዲያ ለምን?»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ታገኛለሽ። የእኔ ዕድሜ እየሄደ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እርግጠኛ ከነበርሽ ለምን ተነሳሽ?»

ወዲያው ሰዎች ከበው ወሰዱት። እናቴ ከኋላዬ ደርሳ ክንዴን ያዘችኝ።

«ደረጃ አለ ልጄ፣ ቀስ በይ።»

«እማዬ፣ ዓይኔ ደህና ነው። ይታየኛል።»

«መድከሙን ወንድምሽ ነግሮኛል፤ አትደብቂኝ» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች። «እንኳን እሱ አየልን።»

ክንዴን አጥብቃ ይዛ ደረጃውን አንድ በአንድ አወረደችኝ።