መብራት ጠጪውና የግራ እግር ጫማዎች

«ለአሶሳ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለአካባቢዋ ቀበሌዎች፣ እንዲሁም ለመንገደኞች በሙሉ! ታላቁ ጀግና ‹መብራት ጠጪው› በክፍል አንድ መሞቱ ይታወሳል። ይሁንና ጉዳዩ እንደገና ታይቶ በክፍል ሁለት አልሞተም። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይታያል። ‹እንዴት ሊሆን ይችላል?› የሚል ተመልካች ጥያቄውን አፍኖ ቆይቶ ከፊልሙ በኋላ ያቅርብ።»

ማስታወቂያው በቀይ ቀለም ተጽፎ በጀዕፈር ፊልም ቤት በር ላይ ተለጠፈ። ለከተማው ሁሉ ይምሰል እንጂ የተጻፈው ለአንድ ሰው ነው፤ ለፊዚክስ መምህሩ ለደባልቄ።

ደባልቄ ከደጀን ተመድቦ ከመጣ ወዲህ የሚያምነው ነገር እያነሰ ሄዷል። የሸቀጥ ሚዛን አያምንም፣ የአየር ትንበያ አያምንም፣ ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ የፊልም ክፍል ሁለት አያምንም። ጀዕፈር ማይክሮፎኑን ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፈረንጁ የሚለውን አንተና አንቺ በማይለይ አማርኛው ሲመልስ፣ ደባልቄ ከኋላ «ቆይ፣ ቆይ! ይሄማ አይታመንም!» ይላል። ፊልሙ ይቆማል፤ ክርክር ይነሳል። ቤቱ የሚሞላው ለጀግናው ሳይሆን ለክርክሩ ነው የሚሉም አሉ።

ሰሞኑን ግን ደባልቄን የሚያብሰለስለው ሌላ ነው። ከተማው ሁሉ እንደሰማው፣ ወደ አገሩ የጠየቀው ዝውውር ተፈቅዶለት፣ ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ ወይም እቀራለሁ ማለት አለበት። ደጀን ላይ እናቱ በግ አስረው ይጠብቁታል። እዚህ ደግሞ ሐኒ አለች።

ሐኒ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ከተማ የምትገባው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ደባልቄ ፊልም ቤት በመጣ ቁጥር ወንበሩ ሁሉ ተይዞ፣ ባዶ ሆኖ የሚጠብቀው ከሐኒ ጎን ያለው ብቻ ነው። በጀዕፈር ቤት ወንበር የሚያዘው በጫማ ነው። አንድ እግር ነጠላ ጫማ ጣል ከተደረገበት ሰው አለው ማለት ነው፤ ያንን አንስቶ የተቀመጠ ነውረኛ ይባላል። መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀመር ጫማዎቹ የት እንደገቡ ሳይታወቅ ይነሳሉ፤ ዘግይቶ የመጣውም ይቀመጥባቸዋል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ደባልቄ «ዕድሌ ነው» አለ። በሁለተኛው «እግዜር ነው» አለ። በሦስተኛው ግን መጠርጠር ጀመረ።

ዛሬ ሆን ብሎ ዙሪያውን እያየ ገባ። ውጭ ዝናቡ ሲያወርደው ውሏል። የሰው ሁሉ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ጭቃ ነው። ከኋላ ረድፍ የተደረደሩት ጫማዎች ግን አቧራ እንኳ አልነካቸውም። ጎንበስ ብሎ አንዱን አየ። አዲስ ነው፣ የግራ ነው። ቀጣዩም የግራ። ሁሉም የግራ!

የጀዕፈር ጫማ መሸጫ ከፊልም ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው።

«አሃ!» አለ ደባልቄ በሆዱ። መምህሩ ከሄደ ክርክር የለም፤ ክርክር ከሌለ ተመልካች የለም። ስለዚህ ጀዕፈር በቆንጆ ልጅ አጥምዶ ሊያስቀረው ነው። ሐኒስ? እሷም በነገሩ እጇ ያለበት ብትሆንስ? እየመረረው ሄዶ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ደህና ዋልክ መምህር?» አለች ፈገግ ብላ።

«ደህና» አላት፤ ፈገግታዋንም ጠረጠረው።

መብራቱ ጠፋ፤ ፊልሙ ተጀመረ። የኋላ ረድፍ ጫማዎች ግን ዛሬ ገና አልተነሱም። በክፍል አንድ መጨረሻ መብረቅ ጠጥቶ ባሕር ውስጥ የወደቀው ጀግና ማዕበል ላይ ይንሳፈፋል። ድንገት ጀልባ ከች አለ።

«ጀልባው ላይ ያለው ወንድሙ ነው!» አለ ጀዕፈር። «በሕፃንነት የጠፋ መንታ ወንድም! ደግሞ ሐኪም ነው፣ መርፌ ይዟል!»

«ቆይ፣ ቆይ! ይሄማ አይታመንም!»

ቤቱ በደስታ ጮኸ። ጀዕፈር ፊልሙን አቁሞ፣ «መምህር፣ ማስታወቂያ አላየህም? ጥያቄ በኋላ ነው!» አለ።

«አልጠብቅም! ያ ሁሉ ባሕር እያለ እዚያው ቦታ፣ ወንድሙ፣ ያውም ሐኪም?»

«ይገርማል! ሰውዬው መብረቅ ሲጠጣ ዝም አልክ። አሁን ጀልባ መጣ፣ ትጮሃለህ! ወላሂ ቀደር ነው፤ አላህ ካለ ጀልባ ይመጣል።»

«ስማ ጀዕፈር» አለ ደባልቄ ተነስቶ፤ «አንድ ጊዜ ሲሆን አጋጣሚ ነው። ሁለት ጊዜ ሲሆን ዕድል ነው። በሦስተኛው ደራሲውን ፈልግ! ደራሲው ደግሞ እዚሁ ቤት ውስጥ አለ።»

«እኔ ተርጓሚ ነኝ እንጂ ደራሲ አይደለም!»

ደባልቄ ቁጭ ሲል ሐኒ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ደራሲው ቢገኝ ምን ታደርገዋለህ?»

«ምንም። ሰኞ ወደ አገሬ እሄዳለሁ።»

ሐኒ ወደ ኋላ ረድፍ ገልመጥ አለች። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ።

«የኛንም ጠጣው!» ሲል አንዱ፣ ሌላው ተቀብሎ፣ «ጉባ ወስዳችሁ ግድቡ ላይ ልቀቁት፣ ጠግቦ ይጠጣ!» አለ። በሳቁ መሀል ደባልቄ የሐኒ ወንበር ሲንቋቋ ሰማ። ከጎኑ ተነሳች። ወዴት? ለጀዕፈር «ነቅቶብናል» ልትል ነዋ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? በልቡ የሰኞውን ሻንጣ ማሰር ጀመረ።

ጓሮ ያለው ጀኔሬተር ተነሳ፤ አምፖሉም ቦግ አለ።

ሐኒ ከኋላ ረድፍ መሀል ቆማለች። በደረቷ የግራ እግር ጫማዎች እንደ ሕፃን ታቅፋለች። አንዱ አምልጧት ወለሉ ላይ ጧ አለ። ሰው ሁሉ ዞረ።

በመጀመሪያ የጮኸው ጀዕፈር ነው። «ሐኒ! አንተ ነህ እንዴ? ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቄ የግራ ጫማ ይጠፋል፣ እሁድ ደጃፌ ላይ አገኛለሁ። ጅኒ ነው ብዬ ሼኹን ጠርቼ ቁርአን አስቀራሁ!»

ደባልቄ የጀዕፈርን ፊት መረመረ። እንዲህ አስመስሎ መደንገጥ የሚችል ሰው ቢሆን ኖሮ ማይክሮፎን አይዝም ነበር፤ ፊልሙ ውስጥ ይተውን ነበር። ጥርጣሬው ከጀዕፈር ላይ ተነሳ፤ መሄጃ አጥቶ ተንጠለጠለ፤ በመጨረሻ ሐኒ ላይ አረፈ። ሲያርፍ ግን ጥርጣሬ መሆኑ ቀረ።

«በአጋጣሚ ነው» አለች ሐኒ አንገቷን ሰብራ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «መምህር፣ ይታመናል?» አሉት ከየአቅጣጫው። ደባልቄ ግን፣ «ፊልሙን ቀጥል» ብቻ አለ።

ከዚያ በኋላ መብራት ጠጪው በጭስ ማውጫ ሾልኮ ገባ፤ ጠላቱ የእናቱ ባል ሆኖ ተገኘ፤ የጠፋው ቁልፍ ከዓሣ ሆድ ወጣ። በየመሀሉ ጀዕፈር ቆም እያለ ወደ ኋላ አየ። «ቆይ፣ ቆይ!» የሚል የለም።

ፊልሙ አለቀ። ከቤቱ የወጣ አንድም ሰው የለም።

«እሺ መምህር፣ አሁን የጥያቄ ሰዓት ነው» አለ ጀዕፈር። «ጀልባው?»

«ያጋጥማል።»

«ወንድሙ?»

«መንታ ይፈላለጋል።»

«ከዓሣው ሆድ የወጣው ቁልፍስ?»

ደባልቄ ትንሽ ጨነቀው። «ዓሣ ያገኘውን ይውጣል።»

«አስተግፊሩላህ! ሰኞስ? አገር መሄዱስ?»

«አልሄድም።»

«እንዴት? አሁን ስትጮህ አልነበረም? ደራሲው እዚሁ አለ ስትል...»

ደባልቄ ተነሳ። ከሐኒ እቅፍ አንዱን ጫማ መዘዘና ራሱ ተቀምጦበት የነበረው ወንበር ላይ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስቀመጠው።

«ለምን ግን?» አለ ጀዕፈር ማይክሮፎኑን ወደ አፉ እያስጠጋለት። «አብራራልን እንጂ!»

«አላብራራም።»