ድንጋዩ የተሰየመበት ወንዝ

አናጺው ድንጋዩን ለምርምር ተቋሙ የሰጠው ልጁን በቀበረ በወሩ ነበር። ድንጋዩን ወንዝ ዳር ያገኘችው እሷ ናት። "አባዬ፣ ይሄ ከሰማይ የወደቀ ነው" ስትለው ስቆባት ነበር። ክረምት ሲገባ ያው ወንዝ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ እቤታቸው የወንዙን ስም የሚያነሳ የለም።

ከዓመት በኋላ የተቋሙ ተመራማሪ አስጠራችው። "አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት! እውነትም ከሰማይ የወደቀ ነው። ስሙንም የሰማይ ድንጋዮች ስያሜ ኮሚቴ አጽድቆታል" ብላ የወንዙን ስም ጠራችለት።

አናጺው የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠ። "እባክሽ የኔ ልጅ፣ ሌላ ስም አውጡለት። በልጄ ስም ይሁን፤ ያገኘችው እሷ ናት።"

"በሰው ስም አይሰየምም፣ አባባ። የሚጠራው በተገኘበት አካባቢ ባለ ቦታ ስም ነው፤ ደንቡ እንዲህ ነው። ያገኘችው ልጅ ግን መዝገብ ላይ ትሰፍራለች። ስልኳን ይስጡኝና እኔው ራሴ ላብስራት።"

"ወንዙ በላት" አለ አናጺው።

ተመራማሪዋ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘች። ከዚያ የልጅቷን ስም ከነአባቷ መዝገቡ ላይ ጻፉ። የድንጋዩ ስም ግን አልተቀየረም።