ሚጣ የምትመዘንበት ሳፋ

እንኳየሁ ያን ክረምት ልቧ አላርፍ አለ። አራሷ ልጇ ወንጌላዊት ከተኛችበት አልጋ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ትቀመጥና፣ ጨቅላዋ ትንሽ ዝም ካለች ብድግ ብላ መዳፏን አፍንጫዋ ሥር ታደርጋለች። ትንፋሿ ሲነካት «ተመስገን» ትላለች። ብዙም ሳትቆይ ደግሞ ትነሳለች።

ልጅቷ ስትወለድ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ነበረች። ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ ስም አልወጣላትምና ሚጣ ነው የሚሏት። ጤና ጣቢያ ያዋለደቻት ነርስ ብሌን ስትሸኛቸው «ትንሽ ብትሆንም ደህና ናት። በሳምንቷ አምጡልኝና ልመዝናት። ኪሎዋ ካልጨመረ ቤት ይዛችኋት እንዳትቀመጡ» ብላ ነበር።

በሳምንቷ ግን ዝናቡ ዶፍ ሆነ። የአዘዞ መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ባጃጅ እንኳ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። እንኳየሁ ደግሞ አራስ ከነልጇ በዚያ ብርድ ትውጣ የሚላትን ሰው በክፉ ዓይን ነው የምታየው። ብርዱ አለ፣ ንፋሱ አለ፣ የሰው ዓይን አለ። ሜሮን ያልተቀባች ልጅ ታቅፎ አደባባይ መውጣትን ማን ያስባል? የልጅቱ አባት ቄስ ህሩይ ቤት ቢኖር ምናልባት እሱ ይወስን ነበር። እሱ ግን መካነ ብርሃን ነው የሚያገለግለው፤ ፍልሰታ ስለገባ ቅዳሴውን ጥሎ መምጣት አልቻለም። ማታ ማታ እየደወለ «ስንት ሆነች?» ይላል።

መላ ያመጣው የእንኳየሁ የመጨረሻ ልጅ መዝሙር ነው። ፒያሳ ሞባይል ይጠግናል፤ እጁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ከተሰበረ የሰው ሚዛን ውስጥ ክብደት የሚለኩትን አራት ሴንሰሮች አወጣና ጣውላ ሥር ሰካቸው። ማይክሮኮንትሮለር ከምትባል የክብሪት ቀፎ ከምታክል ኮምፒዩተር ጋር በቀጫጭን ሽቦ አገናኝቶ፣ ቁጥር የምታሳይ ትንሽ ስክሪንና አንዲት መጫኛ ቁልፍ ገጠመላት። ጣውላው ላይ የሚጣን የገላ መታጠቢያ ሳፋ አስቀመጠ።

ጎረቤቷ ይርገዱ ለአራሷ አጥሚት ይዛ ስትመጣ አየችውና ሳቀች።

«እትዬ እንኳየሁ፣ ልጅ እንደ ሽንኩርት ይመዘናል እንዴ አሁን?»

«ምነው አይመዘን? ሽንኩርት ሲጎድልብሽ አገር ታውኪ የለም እንዴ።»

መጀመሪያ ግን አልሆነም። ሚጣ እግሯን ባወራጨች ቁጥር ቁጥሩ ይዘላል። ሦስት ኪሎ ይላል፣ ሁለት ይላል፣ ሦስት ተኩል ይላል። እንኳየሁ ቁጥሩ ሲወርድ ልጅቷ ዓይኗ እያየ የምታልቅ መሰላትና ፊቷን አዞረች።

«አጥፋው። ይሄ ሰው ሊገድል ነው።»

«እማዬ፣ ሴንሰሩ እኮ አልዋሸም። ስትወራጭ ትገፋዋለች፣ እሱም የተገፋውን ነው የሚናገር» አለ መዝሙር። «ማሽኑ ሴንሰሩን አንዴ ብቻ ስለሚጠይቀው ነው። አሁን ደጋግሞ እንዲጠይቀው አደርገዋለሁ። ሁለት መቶ ጊዜ ይመዝናል፣ ይደምራል፣ ለሁለት መቶ ያካፍላል። ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው ይጣፋና እውነተኛው መሀል ላይ ይወጣል። አማካይ ማለት ነው።»

እንኳየሁ ትንሽ አሰበች። «እንደ ገበያ በለኛ። ዶሮ ስንት ዋለ ብለህ አንዷን ሴት ብቻ አትጠይቅ። አንዷ ታስወድዳለች፣ አንዷ ታረክሳለች። ዞር ዞር ብለህ መሀሉን ትይዛለህ።»

«እሱን ነው።»

«ሁሉም ተማክረው ቢያስወድዱብህስ?»

መዝሙር ሳቀ። «ሴንሰር አይማከርም፣ እማዬ።»

ከዚያ ወዲያ ሚጣን መመዘን የእንኳየሁ ሥራ ሆነ። መዝሙር ሥራ ከሄደ በኋላ፣ ልጅቷ ጡት ሳትይዝ፣ መስኮቱ ሥር ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ ትቆማለች። ሳፋው ውስጥ አስተኝታት ቁልፏን ትጫናለች። ማሽኑ ጥያቄውን እስኪጨርስ አንድ አባታችን ሆይ ይደርሳል፤ አሜን ልትል ስትል ጢጥ ይላል። የወጣው ቁጥር ቁልፏ እንደገና እስክትነካ አይጠፋምና መዝሙር ማታ ገብቶ ያየዋል፣ ለህሩይም እሱ ይነግረዋል።

ያቺ ራቁቷን የተኛች ነፍስ ግን የእንኳየሁን ሆድ ታባባለች። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ከእቅፍ ሲወርድ እጅ አይለየውም፤ እናቷም አያቷም እንዲህ ነው ያሳደጉ። ስለዚህ በስመ አብ ትልና መዳፏን የሚጣ ደረት ላይ ታሳርፋለች። እጇን ስታሳርፍባት ሚጣም መወራጨቷን ትተዋለች። ቁጥሩም ሸጋ ሆኖ ይረጋል።

ቁጥሩ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ጨመረ። ትንሽ ትንሽ፣ ግን ጨመረ። ህሩይ በስልክ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። መዝሙር በማሽኑ ኮራ። የጤና ጣቢያውን ነገር የሚያነሳም ጠፋ።

የእንኳየሁ ልብ ብቻ አልተኛላትም። ሚጣን ስታጥባት ጭኗ ላይ ያለው ቆዳ ሰፊ ልብስ የለበሰች ይመስል ይሸበሸባል። ለቅሶዋም እየሳሳ ሄዷል፤ የድመት ግልገል ያህል ብቻ ነው ድምጿ። ዓይኗ አንድ ይላታል፣ ሚዛኑ ሌላ ይላታል።

«ወንጌላዊት፣ ደህና ትጠባለች ይቺ ልጅ?»

«ይዛ ወዲያው ነው እኮ እንቅልፍ የሚወስዳት፣ እማ። ኪሎዋ እየጨመረ አይደል? ጠግባ ነዋ።»

«ጠግባ ይሆናል» አለች እንኳየሁ። በማግስቱ ጠዋት ሳፋው ላይ ስታስተኛት ጭንቀቷ ከወትሮው ባሰ። «እመብርሃን፣ አንቺ እናት ነሽ፣ ታውቂዋለሽ» እያለች አጥብቃ ጸለየች። ጢጥ ሲል ሦስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እፎይ አለች። እፎይታው ግን እስከ ቀትርም አልቆየላት።

ፍልሰታ እየተጋመሰ ሄደ። ይርገዱ በር ላይ ቆማ «ምነው እትዬ፣ ዘንድሮ ተክለ ሃይማኖትን ሳትስሚ ጾሙ ሊፈታ ነው? ልጅቷ አትበርርብሽም» አለቻት። እውነትም ደጁን ሳትረግጥ መሰንበቷ ቆርቁሯት ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ቅዳሴው ውስጥ ሆናም ልቧ ቤት ነበር፤ ሰግዳ ስትነሳ ሚጣን፣ ወንጌል ሲነበብ ሚጣን ነው ያሰበች። ሲያሰናብቱ ጸበሏን ቀምሳ ማንንም ሳትጠብቅ ጭቃውን እየረገጠች ተመለሰች።

ቤት ስትገባ ወንጌላዊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። መዝሙርም ከሥራ ተጠርቶ መጥቶ ማሽኑን ፈታቶ ወለሉ ላይ ዘርግቶታል።

እንኳየሁ በጭቃ እግሯ ወደ አልጋው ሮጠች። «ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም፣ ማሽኑ ነው» አለ መዝሙር ፈጥኖ። «አንቺ ስትሄጂ ወንጌላዊት መዘነቻት። ሁለት ኪሎ ተኩል አላት። ትናንት ሦስት ሊሞላ የነበረ ሰው ባንድ ቀን ግማሽ ኪሎ አይጎድልም። እርጥበት ገብቶበት መሰለኝ።»

«ሦስቴ ነው የመዘንኳት» አለች ወንጌላዊት። «ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።»

መዝሙር ማሽኑን መልሶ ገጣጠመና ያልተከፈተ የአንድ ኪሎ ስኳር ሳፋው ውስጥ አኖረ። ጢጥ። አንድ ኪሎ። አንስቶ ደገመ። አንድ ኪሎ። ጭንቅላቱን አከከ።

«ስኳሩን በትክክል የሚመዝን ልጅቷን ምነው ይሳሳታል? እማዬ፣ እስቲ አንቺ እንደምታደርጊው አድርጊና ልየው።»

እንኳየሁ የሚጣን ልብስ አውልቃ አስተኛቻት። ቁልፏን ተጫነች። በስመ አብ አለች። እጇ ማንም ሳያዘው ሄዶ ደረቷ ላይ አረፈ። አባታችን ሆይን በሆዷ አደረሰች። ጢጥ አለ።

«ይኸው» አለ መዝሙር ከማሽኑ ማዶ ሆኖ፣ ዓይኑ ስክሪኗ ላይ ብቻ። «ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሃምሳ። አላልኳችሁም? ወንጌላዊት ጣውላውን ግድግዳ አስነክታው ነው የሚሆን።»

ወንጌላዊት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሳቅ አለች። «ልቤን ቀጥ አድርጎኝ ነበር እኮ።»

እንኳየሁ አልሳቀችም። ዓይኗ እጇ ላይ ነው። ልብስ ሲያጥብ፣ ሊጥ ሲያቦካ የኖረ ወፍራም እጅ፣ የልጅቷን ደረት ከነሆዷ ሸፍኖታል። የገበያው ነገር ትዝ አላት። አንዷ ስታስወድድ አንዷ ታረክሳለች፤ ሁሉም ባንድ ቢያስወድዱስ ብላ የጠየቀችው ራሷ ናት። ሁለት መቶውንም ጊዜ እጇ እዚያው ነበር።

ዝም ብትል ቤቱ ሰላም ነው። ወንጌላዊት ስቃለች። ማታ ህሩይ ይደውላል፣ ደህና ናት ይባላል። እሷም ነገ እጇን ትሰበስባለች፣ ማሽኑ ደግሞ ተበላሸ ይባላል። የቀመሰችው ጸበል ገና ጉሮሮዋ ውስጥ ያለ መሰላት።

«መዝሙር» አለች። «ቁልፏን ተጫናት።»

«ለምን? ወጣ እኮ።»

«ተጫናት አልኩህ።»

ተጫነ። እንኳየሁ እጇን አነሳች፣ ወደ ኋላዋም ራቀች። ሚጣ ብርዱ ሲነካት ተወራጨች፣ በዚያ በሰለለ ድምጿ አለቀሰች። ጢጥ። ሁለት ኪሎ ተኩል።

መዝሙር ስክሪኗን አየ፣ ሳፋውን አየ፣ ቀና ብሎ እናቱን አየ። የገባው ያኔ ነው።

«ሁልጊዜ ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሁልጊዜ። በጨነቀኝ ቁጥር ደግሞ ሳላውቀው ሳልጫናት አልቀርም። የኔን ጭንቀት ነው ሲመዝን የከረመ። ልጅቷ አልጨመረችም፣ ስትወለድ ከነበረችውም ጎድላለች።» ከዚያ ወደ አልጋው ዞረች። «ልበሺ ልጄ፣ እንሂድ።»

«ዝናቡ…» አለች ወንጌላዊት።

«ይዝነብ።»

ባጃጁ ውስጥ እንኳየሁ ሚጣን በጋቢ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘቻት። ሰዉ ያየናል፣ ንፋሱ ይገባል ብላ ስትፈራ የከረመችው ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ። ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር ልቧም አብሮ ይሽከረከር ነበር። ደጋግማ ጋቢውን ገለጥ እያደረገች መዳፏን አፍንጫዋ ሥር ታደርጋለች።

ነርስ ብሌን መዘነቻት። የሷም ሚዛን ሁለት ኪሎ ተኩል አለ።

«እናቴ፣ መቼ ነበር አምጡልኝ ያልኳችሁ?»

«በሳምንቷ» አለች እንኳየሁ። ሌላ አልጨመረች።

ብሌንም አልተቆጣች። ሚጣን አገላብጣ አየቻት፣ ከእናቷ ጡት ጋር አገናኝታም ጎንበስ ብላ ተመለከተች። «አያችሁ፣ ጫፉን ብቻ ነው የያዘች። ወተቱ ሳይመጣላት ይደክማትና ትተኛለች። እንቅልፉ ከድካም ነው እንጂ ጥጋብ አይደለም።» አፏን በሰፊው ከፍታ እንዴት እንደምትይዝ አሳየቻቸው። ወንጌላዊት ወተቷን አልባ በንጹሕ ሲኒ ጠብ ጠብ እንድታደርግላት፣ ብትተኛም እየቀሰቀሰች እንድትመግባት ነገረቻት። «ከነገ ወዲያ መልሳችሁ አምጧት። እስከዚያ አልጠባ ካለች ወይ ሰውነቷ ከሞቀ ግን እንዳታሳድሯት።»

የዚያን ዕለት ማታ ለህሩይ የነገረችው እንኳየሁ ራሷ ናት። «እጅዎን አይዘኑበት፣ እናቴ» አለ ህሩይ። «ጸሎቱን ግን አያቋርጡ።»

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሲኒ ሲቀርብ፣ ሲኒ ሲታጠብ ሰነበተ። ጤና ጣቢያ ሁለቴ ተመላለሱ፤ መጀመሪያ «መጉደሏ ቆሟል» ተባሉ፣ ቀጥሎ «ገና ጥቂት ቀን እንያት»። መዝሙርም አንድ ጠዋት ከሥራው አርፍዶ ማሽኑን መስኮቱ ሥር አስቀመጠ።

እንኳየሁ ሚጣን አስተኝታ ወደ ኋላዋ ራቀች። ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ አጣምራ ያዘቻቸው። ሚጣ ባዶ ሳፋ ውስጥ ስትሆን ጮኸች፤ ለቅሶዋ ዛሬ በረታ ያለ ነው። እግሯን ታወናጭፋለች፣ ጣውላው ይንቀጠቀጣል። እንኳየሁ እጇ ከነጠላዋ ውስጥ ሊያመልጣት ይታገላታል። በዓይኗ ብቻ ይዛት አባታችን ሆይ አለች። ጸሎቱ እንዲህ ረዝሞባት አያውቅም።

ጢጥ።

«ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ» አለ መዝሙር።

«ደግመህ ጠይቀው።»

ተጫነ። እሷም ከመጀመሪያው ጀመረች። ሚጣ አሁንም ትጮሃለች።

«ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ አስር። ያው ነው እንግዲህ፣ እማዬ። ጨምራለች።»

«አሜን» አለች እንኳየሁ። እጆቿ ከነጠላዋ የወጡት ያኔ ነው፤ ልጅቷን ከሳፋው ሊያነሷት።