ክር የምታስገባልኝ ልጅ

ልጅቷ መጀመሪያ ቤቴ ስትመጣ ወንበር ገጭታ ወንበሩን ይቅርታ ጠየቀች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶችን ቅዳሜ ቅዳሜ እየዞሩ ከሚያግዙት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ናት። በጎ ፈቃዷን እንጃ፤ አንገቷ ግን ደረቷ ውስጥ ገብቶ ነበር።

"ምን ልርዳዎት እማማ?"

"ምን ትችያለሽ?"

"ምንም" አለችኝ። "ቤትም የነካሁት ሁሉ ይበላሻል ይሉኛል።"

እኔ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቼ ያደርኩ ሴት ነኝ፤ ዛሬም የሰው ቀሚስ እጠግናለሁ። መርፌና ክር ሰጠኋትና "ዓይኔ አልታዘዝ ብሎኛል፤ አስገቢልኝ" አልኳት። ውሸቴን ነው። በሦስተኛው ሙከራ ክሩ አለፈላት። ፊቷ በራ።

ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ የአሥሩንም መርፌዎቼን ክር መዝዤ አወጣለሁ። ቅዳሜ መጥታ ሁሉንም መልሳ ታስገባልኛለች። እያስገባች ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ እናቷ ቁጣ ታወራለች። እያደር አንገቷ ብቅ አለ። "እኔ ባልኖር ምን ይውጥዎት ነበር?" እስከማለት ደረሰች። ምላሴን ነከስኩ፤ በዕድሜዬ እንዲያ ነክሼው አላውቅም።

አንድ ረቡዕ የረሳችውን ጃንጥላ ልትወስድ መጣች። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ መንገደኛውን እያየሁ፣ በጣቴ ዳበሳ ብቻ ክር አስገባለሁ።

"ይችላሉ እንዴ?"

"ታዲያ አርባ ዓመት በጎረቤት ዓይን የሰፋሁ መሰለሽ?"

አንዴ ከአፌ አመለጠ። "ሲያሞኙኝ ነበራ!" ብላ ጃንጥላውን ሳትወስድ ወጣች።

ቅዳሜ በጎ ፈቃደኞቹ ሌላ ልጅ ላኩብኝ፤ ጥርሷ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ። "ምን ላድርግልዎት እማማዬ?" ስትለኝ "በሩን ከውጭ በኩል ዝጊልኝ" አልኳት።

ሰኞ ከዘራዬን ይዤ ቢሯቸው ሄድኩ። ሁለት ፎቅ በደረጃ! የኔዋ ልጅ ከኋላ ክፍል ብቻዋን ሰው የለገሰውን ልብስ ታጥፋለች። አንገቷ ድሮ ቦታው ተመልሷል።

"ዋሽቼሻለሁ" አልኳት።

"አዝነውልኝ ነው አይደል?"

"መጀመሪያ አዎ። ኋላ ግን ለራሴ ነው። አርብ ክሩን ስመዝ ነገ ሰው ይመጣል እላለሁ። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የማወራው ከራሴ ጋር ነው፤ እሷ ደግሞ ነገረኛ ናት።"

"ነገረኛስ ነዎት" አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

"እንግዲያ ቅዳሜ ነያ።"

ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና አጠፈች። "አስቤበት እነግርዎታለሁ።"

ለሁሉም እሺ ስትል የኖረች ልጅ፣ እኔ ላይ ስትደርስ ልታስብ! ደስ አለኝ፤ ከፋኝም። ደረጃውን ግድግዳ እየያዝኩ ወረድኩ።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ወሬ የለም። ከሰዓት በር ሲንኳኳ እግር ያለኝ ይመስል ዘልዬ ከፈትኩ። ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነው።

"ምን በር ትሰብራለህ!" ብዬ ጮህኩበት። እሱ ምን አጠፋ።