አሜን ሳትሉ አትለፉ

ፎቶ አንሺዋ ሥራዋን የምትጀምረው መብራት በማጥፋት ነው። ልጆችን በየቤታቸው እየዞረች ነው የምታነሳው። የሰው ቤት ገብታ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እጇ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ይሄዳል፤ አዲስ እናቶች በዚህ ግር ይላቸዋል። የጣሪያ አምፖል ልጅን ቢጫ ያደርጋል፣ ከዓይኑ ሥር ጥላ ይጥላል፣ ገና ጥርስ ያላበቀለውን ሕፃን ጡረታ የወጣ ዳኛ ያስመስለዋል። ስለዚህ ታጠፋዋለች። ከዚያ መጋረጃውን ትሰበስባለች፣ ልጁን ወደ መስኮቱ ታስጠጋለች፣ ራሷም ወለሉ ላይ በሆዷ ትተኛለች። ቆሞ ቁልቁል የሚያነሳ ሰው የልጁን አናት እንጂ ልጁን አያገኝም ባይ ናት። በዚህ የተነሳ ጉልበቱ ያልተላጠ ሱሪ የላትም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላም እንደ ልማዷ ተጋድማ፣ መቀመጥ ገና የለመደ ድብልብል ያለ ወንድ ልጅ እያነሳች ነበር። ልጁ የእግሩን ጣት ካልበላሁ ብሎ ይታገላል። እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ትገፋለች። ድንገት ከንፈሯን መጠጠች።

«ይቺን ምስኪን አይተሻታል?» አለች። «እኔማ በየቀኑ አሜን እላለሁ። የልጅ ነገር አልችልም።»

ፎቶ አንሺዋ ከወለሉ ቀና ብላ ስልኩን ተቀበለች። አንዲት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ መስኮት ሥር ባለ ሶፋ ላይ ተኝታለች። ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ፣ ዓይኖቿ ግማሽ ተከድነዋል፣ ከግራ የገባው ብርሃን ፀጉሯን አልፎ ጉንጯ ላይ አርፏል። በላዩ ላይ በቀይ ትልልቅ ፊደል «ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውባታል። አሜን ሳትሉ አትለፉ» ተብሎ ተጽፏል።

ልጅቷ የእህቷ ልጅ ነበረች። ፎቶውን ያነሳችው ደግሞ ራሷ ናት።

ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት በሽታ ጉንፋን ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃት ሄዳ፣ ልጅቷ ትኩሳቷ በርዶ ተኝታ አገኘቻት። ልጅቷ «አክስቴ ጠቅ» ነው የምትላት፣ በካሜራዋ ድምፅ። «አክስቴ ጠቅ፣ ዛሬ አታንሺኝ፣ አስጠላለሁ» ብላት ነበር። ብርሃኑ ግን እንደዚያ ሆኖ የሚገባው በዓመት አንዴ ነው። «አንድ ብቻ፣ የኔ ቆንጆ» አለችና ስምንት ጊዜ ጠቅ አደረገችው። በሁለተኛው ቀን ልጅቷ ተነስታ አንድ እግር ጫማዋን ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወርውራለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያ ነበር በሽታዋ።

አሁን ከሥሩ የተጻፈውን አነበበች፤ ባታነበው ይሻላት ነበር። የአሜኑ ብዛት ማለቂያ የለውም። አንዷ «ሞት ፊቷ ላይ ይታያል» ብላለች። ሌላው «ቆንጆ ልጅ ነበረች» ብሎ በቁሟ ቀብሯታል። አንዱ ሕክምና አዋቂ ነኝ ባይ ከከንፈሯ ቀለም ተነስቶ ጉበቷ ነው ብሏል፣ ሌላው ደም ነው ብሎ ተከራክሮታል። በሁለቱ መካከል አንድ ዓይኑን በጨው ያጠበ የፀጉር ቅባት ይሸጣል። በአንዲት በምታስነጥስ ልጅ ዙሪያ ዝንብ የወረረ መሰላት፤ ብታባርረው የማይሄድ ዝንብ።

«ምነው፣ ፊትሽ ተለዋወጠ» አለች የሕፃኑ እናት።

«ተኝቼ ቆይቼ ነው» አለችና ካሜራዋን ሰበሰበች። ለዚያ ድብልብል ልጅ የቀረውን ሌላ ቀን እጨርሳለሁ ብላ ወጣች።

እህቷ በሩን የከፈተችላት በጣቷ አፏን ይዛ ነበር። ጓዳውን በአገጯ አሳየቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ልጅቷ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ምግብ አልበላ ብላለች። ወደ ደጅ አትወጣም፣ ትምህርት ቤት ውላ ስትመጣ ትተኛለች፣ ምንሽን ሲሏት «ምንም» ትላለች። ነገሩ የጀመረው ሱቅ ተልካ ከተመለሰች በኋላ ነው። ጎረቤታቸው ያሉ ሴትዮ መንገድ ላይ አቅፈዋት ሲያለቅሱ፣ በስልካቸውም አንድ ነገር ሲያሳይዋት ባለሱቁ አይቷል።

«ምን እንዳሳይዋት እኮ ነው ያላወቅኩት» አለች እህቷ። «ሴትዮዋን ስጠይቃቸው 'አይዞሽ፣ አንቺም በርቺ' ብለውኝ ሄዱ።»

ፎቶ አንሺዋ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። እህቷ አንዴ አየችው፣ ከዚያ ወንበር ሳትፈልግ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

አመሻሽ ላይ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። እናታቸው መጡ። ታናሽ ወንድማቸው «መለከት» መጣ፤ ነገር አፉ ውስጥ ስለማያድር ነው እንዲህ ያሉት። በመጨረሻ ጋሼ መጡ። ጋሼ የሁሉም ታላቅ ናቸው፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የአባትን ወንበር ይዘዋል፣ ታናናሾቻቸው እስከ ዛሬ አንቱ ይሏቸዋል። የቤት ዕቃ መሸጫ አላቸው። እዚህ ቤት ያለውንም ሶፋ ለእህታቸው የሰጡት እሳቸው ናቸው። ውለታውን ማንም እንዳይረሳው በየጊዜው ይጠይቁታል፤ «እንዴት ነው፣ ሶፋው?» ይላሉ፣ እንደ ዘመድ።

በዚህ ቤተሰብ አንድ ልማድ አለ። ፎቶ አንሺዋ ልጅቷን ባነሳች ቁጥር ለሁሉም አንድ ዓይነት ፎቶ መላክ አይቻልም፤ ኩርፊያ ይመጣል። እናታቸው እግር ያልታየበት ፎቶ ፎቶ አይደለም ይላሉ፤ «እግሯን ምን ነካው?» ብለው ያድራሉ። ስለዚህ ለእሳቸው ቁመቷ ሙሉ ይላካል። መለከት ለስልኩ ገጽ የሚሆን ፊቷን ብቻ ይፈልጋል። እህቷ ከወገብ በላይ ትወዳለች። ጋሼ ደግሞ የሶፋው የእንጨት ክንድ፣ ያ አበባ የተፈለፈለበት፣ እንዲገባላቸው ይፈልጋሉ። ፎቶ አንሺዋ ይህን ሁሉ እየሳቀች ለእያንዳንዱ ለየብቻ ቆርጣ ትልካለች። ሌላ ሰው ዘንድ አይደርስም። በሥራ ገጿ ላይ እንኳ የዘመድ ልጅ አውጥታ አታውቅም።

ስለዚህ ነገሩ ከቤት ነው የወጣው። ሁሉም ወደ መለከት ዞረ።

«እኔ?» አለ መለከት። «እኔ ፊቷን ብቻ ነው ያለኝ፤ ለራሴ ስልክ። ለማንም አልላክሁም።»

«አንተ ያልላክኸው ነገር አለ?» አሉ እናቱ። «የኔን የጥርስ መነቀል አገር ያወቀው በማን ነው?»

በጥርሱ ጉዳይ መለከት ጥፋተኛ ነበር።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሶፋው ላይ ተደላድለው፣ አንድ እጃቸውን በክንዱ ላይ አሳርፈው መምከር ጀመሩ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች። ፎቶም እንዲሁ ነው። የልጅ ፎቶ የቤት ገበና ነው። አንዴ ከእጅ ከወጣ ማን እንዳነሳው፣ ምን እንዳደረገበት አይታወቅም። ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። በዚህ ዘመን ማፈር ቀርቷል።» መለከትን አዩት። መለከት አንገቱን ደፋ። የልጅቷ እናት በእንባ መካከል ራሷን ነቀነቀች፤ ጋሼ እውነታቸውን ነው።

ፎቶ አንሺዋ ምክሩን በግማሽ ጆሮ እየሰማች ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ ታይ ነበር። ማንበቡን ትታ ሥራዋን ስታይ ገና መጀመሪያዋ ነው። ብርሃኑን አየች። ጨርቁን አየች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታችኛው ጥግ ወረደ። እዚያ፣ ከቀዩ ጽሑፍ ሥር፣ የተፈለፈለ የእንጨት አበባ አለ።

ቀና አለች። ያው አበባ ፊት ለፊቷ፣ ከጋሼ መዳፍ ሥር ነበር።

ፎቶ ይቆረጣል እንጂ አይቀጠልም። ክንዱ የሌለበትን ፎቶ የያዘ ሰው ክንዱን ከየት ያመጣዋል? አንዴ ተሳስቼ ይሆናል ብላ የላከችውን ሁሉ እያወጣች አስተያየች። የእናቷ፣ የመለከት፣ የእህቷ፣ አንዱም ክንድ የለውም።

«ጋሼ» አለች። «ይህ የእርስዎ ነው።»

«ምኑ?»

«ፎቶው። ሶፋው ያለበት የእርስዎ ብቻ ነው።»

ጋሼ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ስልኬን ሰው ነክቶት ይሆናል አሉ። መለከት አንገቱን እንደደፋ «እስቲ ስልክዎን ይስጡኝ» አለ፤ በሕይወቱ እንዲህ ዝግ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ጋሼ አልሰጡም። ስልካቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ከተው በእጃቸው ሸፈኑት፤ ያን ጊዜ ሁሉም ገባው።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርበት።

«ምን አደረግኋት?» አለ ጋሼ። «ስሟን አልጻፍኩ። ሳንቲም አልለመንኩባት። ጸሎት ነው የጠየቅሁት። ጸሎት ሰው ይገድላል?»

«ለምን?» አለች የልጅቷ እናት።

«የሱቁን ገጽ ማን ያየዋል? አልጋ ብለጥፍ፣ ቁም ሣጥን ብለጥፍ፣ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። የታመመ ሕፃን ሲሆን ግን ሰው ይጎርፋል። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ሰው ሲሰበሰብ የአሜኑን ገጽ ስም ወደ ሱቁ እቀይረዋለሁ፤ ያኔ የእሷን ፎቶ አወርደዋለሁ። ለጥቂት ጊዜ ነው።» ከዚያ፣ እንደ ማስተስረያ፣ ጨመረበት። «ደግሞ ሦስት አራት ሰው ሶፋው ከየት ነው ብሎ ጠይቋል።»

እህቷ ከሶፋው ላይ እሳት እንደነካው ሰው ተነሳች። የተቀመጠችበትን ቀሚሷን በሁለት እጇ አራገፈችው፣ አሁንም አራገፈችው። እናታቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «እኔ ነኝ የወለድኩህ?» አሉ ከውስጥ፣ ለማረጋገጥ የሚጠይቁ ይመስል።

ፎቶ አንሺዋ የቅድሙን ምክር አስታወሰች፣ ያን የተደላደለ ድምፅ፣ ክንዱን የሚዳብስ መዳፍ። ለራሱ ወንድም ሌብነቱን አሸክሞ አባቶች እንዲህ ይላሉ የሚል አፍ! ልትሰድበው ከንፈሯን ከፈተችና «አታንሺኝ፣ አስጠላለሁ» የሚለው የልጅቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። እሷ ብርሃን አየች፣ እሱ ሶፋ አየ። ልጅቷን ያያት የለም። ስድቡን ዋጠችው።

«አጥፋው» አለችው። አንተ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው፤ እሱም ልብ ብሎታል፣ ዓይኑ ተርገበገበ። «አሁን፣ እዚሁ፣ እያየንህ።»

«እሺ፣ አጠፋዋለሁ፤ አገር አይፈርስ» አለ ጋሼ። ስልኩን አወጣና እያጉረመረመ ገጹን ከፈተ።

«ጋሼ፣ አያጥፉት።»

ሁሉም ዞሩ። ልጅቷ የጓዳው በር ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች። ግንባሯ ላይ ፎጣ አድርጋለች፤ ራሷ ነክራ፣ በደንብ ሳትጨምቀው፣ ውሃው በአፍንጫዋ ላይ እየወረደ ይንጠባጠባል። መቼ እንደነቃች፣ ምን ያህሉን እንደሰማች አያውቁም።

«ስንት አሜን ሆነ?» አለች።

እናቷ ተንደርድራ አቀፈቻት፣ ፎጣውን ልታነሳ ስትል ልጅቷ በሁለት እጇ ያዘችው።

«አንቺ እኮ ደህና ነሽ» አለቻት እናቷ። «አልታመምሽም፣ የኔ እናት። ውሸት ነው። ጉንፋን ነበር፣ ለቀቀሽ፣ አለቀ።»

«እሱን ያልሽው እንዳልፈራ ነው» አለች ልጅቷ። ስታጽናናት እንጂ ስትከራከራት አይመስልም። «ጎረቤታችን እማማ ነግረውኛል። ቆሜ የምሄደው በአሜኑ ነው። ሰው አሜን ማለት ካቆመ…» አልጨረሰችውም። «እስክድን ብቻ ይቆይ፣ ጋሼ።»

የጋሼ ጣት ስልኩ ላይ ቆሞ ቀረ። መለከት ወደ ግድግዳው ዞረ። ፎቶ አንሺዋ ተንበረከከች፣ እንደ ሥራዋ፣ ዓይኗ ከልጅቷ ዓይን እኩል እስኪሆን። የሚባል ነገር ፈለገች። ይህ ሁሉ ትልቅ ሰው ሲንሾካሾክ አምሽቶ አሁን «አልታመምሽም» ቢላት፣ ልጅቷ ለምን ታምናለች?

ልጅቷ ከእናቷ እቅፍ ቀስ ብላ ወጣች። ሶፋው ላይ ወጥታ ጋደም አለች፣ ጭንቅላቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ፣ ልክ እንደ ያኔው። ፎጣውን አስተካከለች። ዓይኖቿን በግማሽ ከደነች።

«አክስቴ ጠቅ፣ ነይ ደግመሽ አንሺኝ» አለች። «አሮጌው እንዳይሰለቻቸው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ልጅቷ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ የረሳችውን ነገር እንዳስታወሰች ሁሉ ቀና ብላ፣ ከሶፋው ራስጌ ወዳለው ማብሪያ ማጥፊያ እጇን ዘርግታ፣ አክስቷ ሁልጊዜ እንደምታደርገው መብራቱን አጠፋች። ውጭው ግን መሽቶ ነበር።