ጸበል ያልደረሰው ጣሪያ

የሞትኩት በሐምሌ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። የርግብ ማማዬ ላይ ወጥቼ የጎረቤት ርግብ ልይዝ እጄን ስዘረጋ እግሬ ከዳኝ። ከስድስተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ሆኜ ሰፈራችንን ሹብራን ለመጨረሻ ጊዜ ቁልቁል አየኋት፣ በቃ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ስሜ አባኑብ ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ሲያዝኑልኝ ከርመዋል።

እኛ ኮፕቶች ዘንድ በሣልስቱ ቄስ ይመጣና ክፍል ለክፍል እየዞረ ጸበል ይረጫል። ያኔ የሟች ነፍስ ቤቱን ለቃ ወደምትሄድበት ትሄዳለች። አባ ሰርግዮስ መጡ፤ ሳሎኑን ረጩ፣ መኝታ ቤቱን ረጩ፣ መታጠቢያ ቤቱ እንኳን አልቀረም። ጣሪያው ግን ቀረ። እማዬ የወደቅኩ ዕለት የጣሪያውን በር ቆልፋ፣ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ከእንግዲህ ማንም እዚያ አይወጣም ብላ ምላ ነበር። አባም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃ ቀረብኝ ብለው አልተከራከሩም። እኔ ደግሞ የነበርኩት ጣሪያው ላይ ነው። ጸሎቱን ከተቆለፈው በር ጀርባ ቁጭ ብዬ ሰማሁት፤ ለሌላ ሰው እንደተላከ ምሳ አለፈኝ።

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ከጣሪያችን አጠገብ የኢሪኒ ቤት ጣሪያ አለ፤ መሀል ያለው ግንብ ከወገብ አይበልጥም። እሷ ልብስ ልታሰጣ፣ እኔ ርግብ ላበር እየወጣን ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ግንብ ላይ ተዋደድን። ከታላቅ ወንድሜ ከኪሮ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። አባቷ ልጄን እንኳን ለርግብ አብራሪ ለሐኪምም አልሰጥ የሚሉ ሰው ናቸው። እንግዲህ ሞቼም ቢሆን እሷ ትወጣለች፣ እኔ አያታለሁ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ አልኩ። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከዚያ እንዳያስነሱኝ።

ርግቦቹን በዚያ ሰሞን ያኖረቻቸው ኢሪኒ ናት። እህል በግንቡ ላይ ትበትንላቸዋለች፣ ውሃ በቱቦ ትለቅላቸዋለች። እነሱ ግን እኔ ያለሁበት አይደርሱም። ከእንቁላል ጀምሬ ያሳደግኳቸው ወፎች፣ አንድ እርምጃ ስጠጋቸው ብድግ ብለው ሌላ ጥግ ያርፋሉ። አስቀየመኝ፤ ግን ከርግብ ጋር ተኳርፎ የት ይደረሳል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ተከፈተ። ኪሮ ነው። እማዬ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ቁልፉን ሰርቆ ሌላ ተክቶበታል። ሰማያዊዋን ሸሚዜን ለብሷል። አርባዬ እንኳን ሳይወጣ! ይሁን፣ ወንድሜ ነው አልኩና ቻልኩት። ቀጥሎ የሆነውን ግን አልቻልኩትም። ኢሪኒ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ግንቡን ተሻግራ መጣች።

በሕይወት እያለሁ ያን ግንብ አንድም ቀን ተሻግራ አታውቅም። ስለምናት «ግንቡ ይበቃናል» ነበር መልሷ። ለኪሮ ግን ግንቡ አልበቃም።

እንደ ሌባ አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ልሰማ ስጠጋ ርግቦቹ ግር ብለው ተነሱና ሁለቱም ደንግጠው ዝም አሉ። ስመለስ ደግሞ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

«እስከ መቼ ነው ከእናቴ የምንደብቀው?» አለ ኪሮ።

«እሱ እስኪሄድ» አለች ኢሪኒ። «እሱ ሳይሄድ ምንም ማድረግ አይቻልም።»

እሱ ማነው? በዚያ ጣሪያ ላይ ከኔ ሌላ እሱ የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ከተመነጠርኩ በኋላ መጠርጠር ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ይገናኛሉ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በእርምጃ እለካ ነበር፤ ሰኞ ሦስት፣ ሐሙስ ሁለት። የጣሪያውን ጥግ ሁሉ እየዞሩ ያያሉ፣ ኪሮ በጠመኔ ወለሉ ላይ ምልክት ያደርጋል። ቤት ሊሠሩ ነው እንዴ አልኩ። አንድ ቀን ኪሮ እንደኔ ላፏጭ ብሎ ከንፈሩን አሞጠሞጠ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ ከፉጨት ይልቅ ምራቅ ወጣው። ኢሪኒ ሳቀች። ከሞትኩ ሃያ ቀን አልሞላኝም፣ እሷ ትስቃለች።

በማግስቱ ኪሮ ርግቦቹን አበረራቸው። እኔም ሄጄ ማማው አፍ ላይ ተገተርኩ። መጥተው ሊወርዱ ሲሉ ያዩኛል ወይም ያሸቱኛል፣ እንጃ፣ ብቻ ይመለሳሉ። ኪሮ የመጥሪያውን ባንዲራ አውለበለበ፣ እህል በተነ፣ ለመነ። ፀሐይ ስትጠልቅ ክንፋቸው ዛለ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ዘኪ የሚባለው ርግብ አብራሪ፣ ሴቷን ርግብ በእጁ ይዞ እያርገበገበ ጠራቸው። አሥራ አንዱ እሱ ዘንድ ወረዱ። በእኛ በርግብ አብራሪዎች ሕግ ርግብ የወረደችበት ሰው ንብረት ናት፤ ክርክር የለም።

ኪሮ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሸሚዜ እጅጌ ሸፍኖ አለቀሰ። «አደራውን በላሁ» ይላል ደጋግሞ። እስከዚያ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ደስታው የት እንደገባ አላውቅም።

ኢሪኒ አላለቀሰችም። የቀሩት ርግቦች የሸሹትን ጥግ አይታ በቀጥታ እኔ ወዳለሁበት መጣች፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመች።

«ምቀኛ» አለች። «የገዛ ርግቦችህን?»

ከዚያ ወደ ኪሮ ዞረች። «ነግሬህ የለ? እዚህ ነው ያለው። ጠመኔህን አምጣ።»

ለካ ምልክት ሲያደርጉ የከረሙት የኔን ቦታ ነው። ርግቦች የማይረግጡትን እየተከተሉ የት እንደምውል ሲያጠኑ ነበር። እማዬን አግባብተው አባ ሰርግዮስን እዚህ ሊያወጡ፣ ጸበሉን ሊያስጨርሱ። ይህን ስሰማ ጥርጣሬዬ የተወገደ እንዳይመስላችሁ፤ ባሰበት። የቆየ ሰው የሚያስነሳ ለአዲስ ሰው ቦታ የፈለገ ነው። ኪሮም የኔን ጥያቄ የሰማ ይመስል፣ «ከሄደ በኋላስ? ትረሺዋለሽ?» አላት።

«መርሳት አምሮኝ ነው እንዴ የሚመስልህ?» አለችው። «ርግብ እያባረረ እዚህ ተንጠልጥሎ ይቅር? እኔስ በየቀኑ ተሰጥቶ የደረቀ ልብስ እያሰጣሁ እስከ መቼ?»

አላመንኳትም።

አባ ሰርግዮስ መጀመሪያ እምቢ ማለታቸውን ከወሬያቸው ሰማሁ። ነፍስ ተከራይ አይደለችም፣ ጸሎቱም ለቀሪው መጽናኛ ነው ብለዋታል ኢሪኒን። እሷ ደግሞ እሺ አባ፣ እንግዲያው ለቀሪው ይምጡ፣ እናቱ የጣሪያውን በር ሳትከፍት ልትሞት ነው አለቻቸው። በዚህ ተረቱ። ኪሮም የሰረቀውን ቁልፍ ለእማዬ መለሰና እግሯ ላይ ወደቀ። እማዬ አምስት ቀን አኮረፈችው፤ በስድስተኛው እሺ አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። አባ በየደረጃው እያረፉ፣ ኪሮ ጸበሉን በሳህን ይዞ፣ እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ወደቅኩበት ጫፍ ላለማየት አንገቷን ደፍታ። ኢሪኒ በዚህ ቀን በግንቡ አልመጣችም፤ እንደማንኛውም ጎረቤት በበሩ ገባች።

እኔ ተደበቅኩ። በማማውና በውሃ ታንከሩ መካከል ሰው በጎኑ ብቻ የሚገባበት ክፍተት አለ፤ እዚያ ተሸጎጥኩ። ከዚህ ካስነሱኝ እሷን አጣለሁ፣ ዳግመኛም አላያት። ርግቦቹ ግን አጋለጡኝ፤ ሁሉም ማዶ ጫፍ ላይ ተደርድረዋል። ኢሪኒ ርግቦቹን አየች፣ ከዚያ ክፍተቱን አየች።

አባ እየጸለዩ ረጩ። ወለሉን፣ ግንቡን፣ ማማውን፣ ጫፉን። ጫፉ ጋ እማዬ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ ኪሮ ደግፎ ያዛት። ከዚያ አባ ላባቸውን ጠርገው፣ «የቀረ ቦታ አለ?» ብለው ጠየቁ።

ኪሮ ወደ ኢሪኒ ተመለከተ። እኔም ጣቷን እስክትቀስር ጠበቅኩ። ስጠረጥር የከረምኩት ይህችን ደቂቃ ነው።

ኢሪኒ መጥታ ክፍተቱ አፍ ላይ ቆመች፤ ፊቷን ለነሱ፣ ጀርባዋን ለኔ ሰጥታ።

«የለም፣ አባ» አለች። «ተዳርሷል።»

እሷ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ የማማውንና የታንከሩን ቆርቆሮ ግራና ቀኝ ይዛለች። እኔን ለማስነሳት ያን ሁሉ የለፋች ልጅ፣ መስቀል በያዘ ካህን ፊት ስለኔ ዋሸች።

አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። በእርምጃ ስለካት፣ በሳቋ ስከሳት የከረምኩት ይህችን ነው። ደግሞም ታየኝ፤ እኔ ከቀረሁ እሷ ከዚያ ክፍተት አፍ አትነሳም። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት፣ ሃምሳ ሲሞላትም የደረቀ ልብስ ይዛ ትወጣለች። ያን ግንብ ከእንግዲህ ለማንም አትሻገርም፣ ከግንቡ ወዲያም የትም አትሄድም። እወዳታለሁ። ስለዚህ በትከሻዋ በኩል አልፌ ወጣሁ።

ብርድ የነካት ይመስል ዘወር አለች። ከዚያ ማንም አጠገቧ የሌለ ይመስል ተቆጣችኝ።

«ማን ውጣ አለህ?» አለች። «አንተ ደንቆሮ፣ ማን ውጣ አለህ?»

ሁሉም ሰሙ። አባ ሰርግዮስ ልጅቷ የምታይበትን ባዶ ቦታ አይተው እጃቸውን ሳህኑ ውስጥ ከተቱ። እማዬ ግን ቦታውን አላየችም። የኢሪኒን ፊት ነበር የምታየው፣ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ የኪሮን ክንድ ለቃ መጣችና እጇን ያዘቻት።

«ከአባኑብ ጋር ስንት ጊዜ ሆናችሁ፣ ልጄ?» አለቻት።

መልሷን ልስማ ብዬ ትንሽ ለመቆየት ሞከርኩ። ጸበሉ ግን ደረሰኝ።