አራተኛዋ ኪኒን

ፅዮን ኪኒኖቹን ከብልቃጡ ሰፌድ ላይ ገልብጣ ለሁለተኛ ጊዜ ቆጠረች። አሥራ አንድ ፍሬ ይጎድላል።

"እማዬ፣ በቀን ስንት ነው የምትውጪው?"

"ሦስት። ሐኪሙ እንዳለው።"

ወይዘሮ ሸዋአለም ይህን ሲሉ ልጃቸውን አላዩም። ዐይናቸው ከገብስ ጆንያው አጠገብ ባለው ባዶ መደብ ላይ ነበር።

ፅዮን በዘመሮ ከተማ አስተማሪ ናት። እናቷን ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ በሽታ ከያዛቸው ሦስት ዓመት አልፏል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እግራቸው አልነሣ ይላል። መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ግን እንደገና የበግ ጠጉር መፍተል ችለው ነበር።

"ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?"

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ከይታየው ጋር።"

ፅዮን ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ታናሽ ወንድሟ ይታየው ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው። ሞተ የሚል ወረቀት አልመጣም፤ አየሁት ያለም የለም። ለቅሶ አልተቀመጡለትም።

"አንድ ቀን እጄ አልታዘዝ ቢለኝ አንዲት ጨመርኩ" አሉ ወይዘሮ ሸዋአለም። "በነጋታውም ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን መጣ። እዚያ ተቀምጦ ያየኛል። አይናገርም። ከዚያ ወዲያ አራተኛዋን መተው አቃተኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነፍሱ ናት ብለሽ ጥቁር እንዳትለብሺ። እኔም ያንኑ ፈርቼ ነው።"

በማግስቱ ፅዮን ርእሰ መምህሩን አስፈቅዳ እናቷን በጠዋቱ አውቶቡስ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ዶክተር ዓምደሚካኤል ሳያቋርጥ ሰማቸው።

"እማማ፣ ይህ መድኃኒት፣ በተለይ ሲበዛ፣ የሌለ ሰው ያሳያል። በሽታውም ራሱ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ስለነገሩኝ ደግ አደረጉ። ቀስ እያልን እናስተካክለዋለን። በራስዎ ግን አይጨምሩ። ደንግጠውም በአንዴ እንዳያቆሙት፤ እሱም አደገኛ ነው።"

"የታየኝ ስለሞተ ነው?"

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አኖረ።

"መድኃኒቱ ስለ ልጅዎ የሚያውቀው ነገር የለም፣ እማማ።"

ወይዘሮ ሸዋአለም ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ትዝ አላቸው።

"መጠኑ ሲስተካከል፣ መምጣቱን ይተዋል?"

"እየራቀ የሚሄድ ይመስለኛል።"

በመልሱ መንገድ አውቶቡሱ በጭጋጉ ውስጥ እየተንገጫገጨ ሲወጣ ወይዘሮ ሸዋአለም ብልቃጡን በሁለት እጃቸው ጭብጥ አድርገው ይዘውት ነበር። ፅዮን እንዳይወድቅ ልቀበልሽ ብትላቸው እንቢ አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ገቡ። ይታየው መደቡ ላይ ነበር። ጺሙ አድጓል፤ ጉንጩ ጎድጉዷል። እንደ ወትሮው ዝም ብሎ ያያቸዋል። ፅዮን በፊቱ አልፋ መስኮቱን ከፈተች፤ ቀና ብሎም አላያት።

ወይዘሮ ሸዋአለም ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ልጃቸውን በእጃቸው ጠሯት። ብልቃጡን መዳፏ ላይ አኑረው ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉባት። ከዚያ መደቡ ላይ ያለው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

"ካንቺ ጋር ይሁን። ቀን ቀን በእረፍትሽ እየመጣሽ በሰዓቱ ስጪኝ። አልቅሼ ብለምንሽም አራተኛዋን እንዳትሰጪኝ።"